ባሌ ማዶ የተሻገረ ዕለት

ባሌ ፀጉር ቆራጭ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ከሰው ጋር መከራከር አያውቅም። "ምላጭ ይዤ እንዴት ሰው አናድዳለሁ?" ይል ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ልክ ነው፤ እሱ ተነሥቶ ሌላው ሲቀመጥ ደግሞ ያም ልክ ነው።

የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊቆፈር ነው ተብሎ የሰፈሩ ሰው አዳራሽ ተጠራ። መሐንዲሷ ሁለት መስመር አቀረበች። አንዱ በሱቆቹ በኩል ያልፋል፤ የኛ ፀጉር ቤት ይፈርሳል። ሌላው በሜዳው ጀርባ ይዞራል፤ ሱቃችን ይተርፋል፣ የታችኞቹ ቤቶች ግን ከጎርፍ አይድኑም።

"በሱቆቹ በኩል የምትሉ በግራ፣ በሜዳው የምትሉ በቀኝ ቁሙ። ተነጋገሩ፤ ያሳመናችሁ ካለ መሻገር ይቻላል" አለች።

እኛ በቀኝ ቆምን።

"አደራህን፣ ዛሬ እንኳ ከጎኔ አትጥፋ" አልኩት።

"ኧረ የት እሄዳለሁ! አዋላጇን ብቻ አሳምኛት ልምጣ።"

አዋላጇ የታች ሰፈር ሴት ናት፤ ልጆቻችንን በሙሉ ያዋለደችልን። ሄደ። ከሩቅ ሳየው ራሱን ይነቀንቃል፤ ልክ ለደንበኛ እንደሚነቀንቀው። ጉድ ፈላ አልኩ።

"አንተ ሰውዬ! ና ተመለስ!"

"አንቺዬ፣ ውኃው እኮ አልጋዋ ድረስ ይገባል!"

"ሱቁስ የማን ነው?"

"የኛ ነዋ! እኔ ወንበሬን ይዤ በረንዳችን ላይ እቆርጣለሁ። እሷ አልጋዋን ይዛ የት ትሂድ?"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን እጅጌውን ይዤ ልጎትተው ተሻገርኩ። ገና እንደያዝኩት መሐንዲሷ "በቃ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት!" ብላ መቁጠር ጀመረች። ግራው በአንድ ሰው በለጠ።

"በስሕተት የቆመ አለ?" ብላ ጠየቀች።

አፌን ከፈትኩ። አዋላጇ ትክ ብላ አየችኝ። ባሌ በጆሮዬ "እመቤቴ፣ እጅጌዬን ቀደድሽው እኮ" ይለኛል። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ሱቁ ፈረሰ። እሱ በረንዳው ላይ ፀጉር ሲከምር እኔ ስጠርግ ኖርን። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "ቦዩን ያሳለፈችው ሚስቴ ናት፤ ወዳ ነው የተሻገረችው" ይላል።

"ውሸታም! ልጎትትህ ነው የመጣሁት!" እላለሁ ከውስጥ።

"ልክ ነሽ" ይላል፣ ለደንበኛው በዐይኑ እየጠቀሰ።

እሱን የቀበርን ዕለት አዋላጇ ሊያጽናኑኝ ለመጡት ሰዎች ያንኑ ወሬ አመጣች። "ወዳ ነው የተሻገረችው" አለች። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እንደ ልማዴ ውሸታም ልል ብዬ፣ ልክ ነሽ የሚለኝ ሰው አጣሁ።

"አዎ" አልኩ፣ "ወድጄ ነው።"