ለእማማ ኤስ አይጨመርም

እናትየው የእንግሊዝኛዋ ፊደል «ኤስ» መጉደሏን ያየችው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። የሱቃቸው ሰሌዳ ላይ በቀይ፣ በትልልቁ «ግራንድማዘር ሪፔር ባግስ» ተብሎ ተጽፏል፤ አያታችን ቦርሳ ይጠግናሉ ለማለት። ክው አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ጉድ ሠራሽኝ! ‹ሪፔርስ› ነው እንጂ! ኤሷን የት አደረግሻት?»

«ሆን ብዬ ነው የተውኳት» አለች ልጅቷ ብሩሹን እየጠረገች። «ሂ፣ ሺ፣ ኢት ሲሆን ኤስ ይጨመራል። ዘይ፣ ብዙ ሰው ሲሆን አይጨመርም። እማማ ‹እሷ› ናቸው እንዴ? ‹እሳቸው› ናቸው፣ እንደ ብዙ ሰው! ‹ትጠግናለች› ብዬ መንገድ ላይ ልስቀላቸው?»

አያትየው ከስፌት መኪናው ጀርባ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሰይ የኔ ልጅ! በፈረንጅ አፍም አታስደፍሪኝ።»

እናትየው ሳቅ አልመጣላትም። ሱቃቸው ያለው ጓሮ ነው፤ መንገደኛ አያየውም። የማዶው እንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ሰሌዳውን በራሱ በር ላይ ሊሰቅልላቸው ቃል ገብቷል። ይህ ከቀረ ሱቁን መዝጋታቸው ነው። እሷ እንደሆነ በሐሳቧ የስፌት መኪናውንም ሸጣ ጨርሳለች።

ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳውን ሊያይ መጣ። አንገቱን አዘንብሎ አነበበ።

«ኤሷን ጅብ በላት?»

«ለአክብሮት ነው፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ።

«እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ አክብሮት አያውቅም። እንግዶቼ ይስቁብኛል። ጨምሩ፣ አለዚያ በሬ ላይ አይሰቀልም።»

«አልጨምርም!»

እናትየው ብሩሹን ከልጇ እጅ ነጠቀች።

«ጎሽ» አለ ሰውየው። «ትልቅ ሰው እንዲህ ነው።»

አያትየው አንገታቸውን ደፍተው ክር መበጠስ ጀመሩ። ያ የተደፋ አንገት እናትየውን አንገበገባት። ጎንበስ አለችና ከ«ግራንድማዘር» ቀጥሎ ባለችው ክፍት ቦታ ላይ፣ ፊደሎቹን እያጣበበች፣ «ኤንድ ማዘር» ብላ ጻፈች። አያትና እናት።

«ይኸው፣ ሁለት ሆንን። ለሁለት ሰው ኤስ ይጨመራል?»

«እማዬ!» አለች ልጅቷ ዓይኗ ፈጦ። «ይሄ ግስ እኮ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ ትጠግኚያለሽ ማለት ነው! ‹ዚፕ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል› ትዪ የለ?»

«ይንቀጠቀጥ! እየተንቀጠቀጠ ይጠግናል።»

ሰውየው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበው። ስህተት ቢያጣ አገጩን አከከ።

«ጽሑፉ ተጨናነቀ።»

«እኛም ተጠጋግተን ነው የምንሠራው» አለች እናትየው።

«እናንተ ሰዎች መላ አታጡም» ብሎ ሳቀ። «በሉ፣ ነገ ጠዋት አምጡት።»

ሲወጣ እናትየው በዓይኗ ሸኘችው። ቀለሙ ቢጠፋስ? ሌሊቱን ሰው ቢመክረውስ?

«ሐሳቡን ቢቀይርስ ብለሽ ጀመርሽ አይደል?» አሉ አያትየው ከፊቷ ላይ አንብበው።

«ይቀይር። የራሳችን አጥር ላይ እንሰቅለዋለን፣ ፈላጊ ገብቶ ያየዋል» አለች እናትየው።

ሰሌዳውን ወደ ውስጥ አስገባች፣ መብራቱን አጠፋች፣ በሩን ገጥማ ቁልፉን አዞረችው።