ሠላሳ ቋጠሮ

ባሕሩ ከወጥ ቤቱ በር ሠላሳ ቋጠሮ ይርቃል። ግሌንዳ በልጅነቷ ከስሟ ቀጥሎ አጥብቃ የምታውቀው ነገር ይህ ነበር። በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ጠዋት አባቷ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበትን የመለኪያ ገመድ ከሚስማሩ ላይ ያወርድና አንዱን ጫፍ በሩ ላይ ለታላቅ ወንድሟ ለኮሊን አስይዞ ወደ ገደሉ አፋፍ ይሄዳል። እሷ ከኋላ ከኋላው እየተከተለች ቋጠሮዎቹን ትቆጥራለች። እናቷ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ከደጃፉ ሆና "ስንት ሆነ?" ትላለች። "ሠላሳ" ይላታል አባቷ። ከዚያ ሁሉም ገብቶ ሻይ በወተት ይጠጣል፣ የአሳማ ሥጋ ፓይ ይቆረሳል። ዓመቱ የሚጀምረው ያኔ ነበር።

ምን ዓይነት ጊዜ ነበር። መንደራቸው ሬንቶርፕ ያኔ ፖስታ ቤት ነበራት፤ ጸሎት ቤት ነበራት፤ በዝናብ ጊዜ ላሞች የሚጠለሉበት ሰፊ ዛፍ ነበራት። አሁን ሦስቱም ባሕር ውስጥ ናቸው። የቀረው የግሌንዳ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀኑ ደርሷል። ማዘጋጃ ቤቱ የጻፈው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ለአንድ ቤት ተብሎ ባሕር አይገደብም፤ ስለዚህ ቤቱ ራሱ ከመውደቁ በፊት በወሩ መጨረሻ ይፈርሳል። ነዋሪዋ ወይ ከተማ ክፍል ይሰጣታል፣ ወይ ዘመድ ዘንድ ትገባለች ይላል።

ዘመድ ማለት ኮሊን ነው። ከሰሜን በኩል፣ በሃልስቢ፣ ባዶ ክፍል አለው። ግሌንዳ ግን ከእሱ ቤት ከምገባ ከነቤቴ ብወድቅ ይሻለኛል ብላ ለጠየቃት ሁሉ ተናግራለች፤ ላልጠየቃትም ጭምር።

ጠቡ የቆየ ነው። አባታቸው በሞተ በዓመቱ የሃልስቢ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ከመንደራቸው ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ ትልልቅ ቋጥኝ አስደረደሩ። በዚህ ዳርቻ አሸዋው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይጓዛል። ቋጥኙ ያዘው። ሃልስቢ ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ አገኘች፤ የሬንቶርፕ ገደል እግሩ ተራቆተና ማዕበሉ ጭቃውን በቀጥታ ይገምጠው ጀመር። ከፈራሚዎቹ አንዱ ኮሊን ነበር። በቀጣዩ አዲስ ዓመት ገመዱ ሲለካ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ግሌንዳ ከዚያን ቀን ወዲህ የወንድሟን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። እሱ ግን በየአዲስ ዓመቱ ይመጣል፤ ገመድ ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋላ። ጫፉን ይይዛል፣ ቁጥሩን ይሰማል፣ ይሄዳል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተነጋገሩት ቁጥር ብቻ ነው።

ዘንድሮ ጎረቤቱ በመኪና አድርሶት ዱላውን እያስቀደመ ገባ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸዋል።

"ደብዳቤው ደርሶሻል አሉ" አለ፣ ወንበሩን በእጁ እየፈለገ።

"ደርሶኛል። አሸዋዬ ነው ያልደረሰኝ።"

"ክፍሉን ቀለም ቀብቼልሻለሁ።"

"በየትኛው ዓይንህ?"

"መስታወቱም አብሮ ተቀብቷል፤ ለሱ አትቀየሚኝ።"

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። "ስማ ኮሊን፣ አባባ በሕይወት እያለ ይሄ ባሕር አንዲት ቋጠሮ አልነካም። ሠላሳ ነበር፣ ሠላሳ። ማን እንደቀሰቀሰው አንተም ታውቃለህ።"

ኮሊን እጁን ዘረጋ። "እስቲ ገመዱን ስጪኝ" አላት። ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቶቹ ዳበሰው። "ልጅ እያለሽ ከቋጠሮ ቋጠሮ በአባባ እርምጃ ስንት ነበር?"

"ሦስት።"

"አሁንስ?"

ግሌንዳ አየችው። አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። "እኔ አድጌ ነዋ" አለች።

"የአባባ እርምጃስ አብሮሽ አደገ?"

ግሌንዳ ጣቷን ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ አስኬደች።

"በየዋዜማው ጎተራ ውስጥ ሁሉንም ይፈታውና አጠጋግቶ እንደገና ይቋጥረዋል" አለ ኮሊን። "ሁልጊዜ ሠላሳ እንዲመጣ። የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ትርፉን ቆርጦ ይጥለዋል።"

አይጥለውም ነበር። ግሌንዳ አሁን አስታወሰች፤ በየአዲስ ዓመቱ ማግስት ጥጆቹ አዲስ ማሰሪያ ነበራቸው። የዶሮው ቤት ነፋስ በዛበት ተብሎ ወደ ውስጥ ተዛወረ። የፍራፍሬው ዛፍ አላፈራም ተብሎ ተቆረጠ። አጥሩ ሦስት ጊዜ ታደሰ፤ በታደሰ ቁጥር ወደ ቤቱ ይቀርብ ነበር። ይህን ሁሉ በዓይኗ አይታለች። ማወቅ ስላልፈለገች ነው እንጂ ሳታውቀው ቀርታ አይደለም።

"ሃያ ሦስት ዓመት ስቀየምህ ለምን ዝም አልክ?"

"አባባ አስምሎኛል። ደግሞም የተናገርሽው ሁሉ ሐሰት አይደለም። ቋጥኙ አሸዋሽን ይዞብሻል፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ቤቴን ለማዳን ነበር። ባሕሩን የቀሰቀስኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ ተኝቶ አያውቅም።"

በአባቷ ልትናደድ ፈለገች፣ አልሆነላትም። ብርድ ያደነዘዛቸው ወፋፍራም ጣቶቹ ሠላሳ ቋጠሮ ሲፈቱ ታዩዋት። ያን ያህል ዓመት እንዳትፈራ ብቻ ብሎ። እንዴት እንደናፈቃት።

"ተነስ፣ እንለካ" አለችው።

ኮሊን ደፉ ላይ ተቀምጦ ጫፉን ያዘ። እሷ እየቆጠረች ሄደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ቋጠሮ አፋፉን አልፎ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ከታች ቡናማው ውሃ ጭቃውን ያላምጣል። ግሌንዳ ቆመች። በዕድሜዋ ቁጥር ዋሽታ አታውቅም።

"ስንት ሆነ?" አለ ኮሊን ከደጃፉ። ድምፁ እናታቸውን ይመስል ነበር።

"ሠላሳ" አለችው።

 ኮሊን ገመዱን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ይሰበስብ ጀመር፤ እሷም ጫፉን እንደያዘች ተከትላው መጣች።

"ካንተ በር እስከ ባሕሩ ስንት ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"እኔ ምን አውቄ። ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም።"

ግሌንዳ ገመዱን በክንዷ ላይ ጠቀለለች። ሚስማሩ ላይ አልመለሰችውም። ሻይ ልትጥድ ገባች፤ ከሻይ በኋላ ሻንጣዋን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አወጣች።