የተሸጠችው ጀልባ

«ሐኪሟ መጣች! መንገድ ልቀቁላት» አለች ጎረቤታቸው ኦዲል፣ የሩዝ ድስቷን እንዳቀፈች።

«ሐኪም አይደለሁም፣ አክስቴ ኦዲል። ነርስ ነኝ» አለች ናዲን።

«ተይኝ እባክሽ! ማስተርስሽን ይዘሽ፣ ራስሽ መርምረሽ መድኃኒት ካዘዝሽ ምን ቀረሽ? አልሲድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ጀልባዬን ሸጬ ሐኪም ገዛሁ› እያለ ስንቴ አደነቆረን!»

ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ናዲን ድስቱን ተቀብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አልሲድን የቀበሩት ትናንት ነው። እንጀራ አባቷ ነበር። እናቷን ቨርናን ሲያገባ ናዲን ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነው፤ ሁልጊዜ በስሙ ትጠራዋለች፣ እሱም ቅር ብሎት አያውቅም። አንድ ጊዜ ሽሪምፕ ሊያጠምዱ ወጥተው ባሕሩ ናዲንን ሲያስመልሳት፣ አልሲድ መረቡን ሳይጥል ጀልባዋን ወደ ቤት አዞረ። ወደቡ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ባዶ እጁን አይተው ሲያሾፉበት፣ «ሞተሩ አስቸገረኝ» አላቸው። ስለ እሷ ትንፍሽ አላለም።

ማስተርስ ለመማር የተቀበሏት ጊዜ፣ የምትሠራበት ሆስፒታል ሙሉውን ልክፈልልሽ ብሏት ነበር። የጠየቃት ከተመረቀች በኋላ አራት ዓመት እዚያው እንድታገለግል ብቻ ነው። ናዲን መታሰር አልፈለገችም። እራት ላይ «ትምህርቱ ውድ ነው» አለችና አቆመች፤ የሆስፒታሉን ነገር ዋጠችው።

አልሲድ ጥቂት አሰበ። «ጀልባዋም አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ» አለ። ጀልባዋ አላረጀችም ነበር። ለዓሣ አጥማጁ ለዩሊስ ሸጣትና፣ በገዛ ጀልባው ላይ ቅጥረኛ መረብ ጎታች ሆነ። የሞተውም መረቡን እንደያዘ ነው፤ ልቡ ቀጥ አለች።

ከሰዓት በኋላ ዩሊስ ራሱ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ናዲን አጠገብ ተቀመጠ።

«መሪውን ያዝ ስለው እምቢ ይለኝ ነበር፣ ልጄ። ‹ካፒቴኑ አንተ ነህ› እያለ ይቀልድብኛል።»

«ሲደክመው አላዩም?»

«እንዴት አላይ! ሐኪም ቤት ሂድ ብለው፣ ‹የኔዋ ስትመጣ ታየኛለች› አለኝ።»

ናዲን መጥታ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ። መጽሐፏ ላይ እንዳቀረቀረች ተመልሳ ሄደች።

ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። እናቷ ሳህን እያጠበች ነበር።

«እማ፣ ሆስፒታሉ ሊከፍልልኝ ነበር።»

«ምኑን?»

«ትምህርቱን። አራት ዓመት እንዳልታሰር ብዬ እምቢ አልኩ። ጀልባዋን ሲሸጣት እያየሁ ዝም አልኩ።»

ውኃው ዝም ብሎ ይፈስሳል። ቨርና አልዘጋችውም።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«እንኳን አላወቀ» አለች ቨርና። ቀጥላም ዞር ሳትል፣ «እኔ ግን አሁን አወቅኩ። ሂጂ፤ ዩሊስን ብቻውን አትተዪው።»

ናዲን ለዩሊስ ቡና ይዛለት ስትመለስ ዓይኗ እግሩ ላይ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ በጫማው አፍ ላይ ተርፏል። ስኒውን አስቀምጣ ሰው ሁሉ እያየ ተንበረከከች፤ ጫማውን ፈታች፣ ካልሲውን ዝቅ አደረገች።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ እግሬ ለሰው አፍንጫ አይሆንም!» አለ ዩሊስ እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

ዩሊስ ሳቁን ተወ። «ሰሞኑን… ተቀምጬ ነው የማድረው።»

«ልብዎ መታየት አለበት። ነገ ጠዋት ራሴ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ።»

አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ ጫን አድርጋ አነሳችው። የተጫነበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። እግሩን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እንባዋ በጣቶቿ መካከል እየወረደ፣ ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ከወለሉ ሳትነሳ ጠበቀች።