የጾም ቸኮላት

«ምእመናን፣ አንድ ማስታወቂያ አለን» አሉ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ተስፋሚካኤል፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ማይክሮፎኑን እያስተካከሉ። «ዛሬ በአዳራሹ፣ ከሻዩ ጎን፣ ቸኮላት አለ።»

የሺሃረግ ከኬኳ ትሪ ላይ ቀና አለች። በላስ ቬጋስ የዐቢይ ጾም እሑድ ማለት የእሷ የጾም ኬክ ማለት ነበር። የካዚኖ ሺፍቷን ከሰው ጋር እየተቀያየረች ስትጋግር ኖራለች፤ ለኬኳ ግን አንድም ቀን ጉሮሮ የጠረገ የለም።

ቸኮላቱን ያመጣችው ብርቅታይት ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ኮሌጅ ታሪክ የምታጠና፣ ኢንስፒራዳ ከሚባለው ሰፈር የምትመጣ ልጅ። ከትልቅ ፔርሙስ እየቀዳች ታስረዳለች።

«ሜክሲኮ ውስጥ ፈርስት በውኃ ነው የጠጡት፣ ከቃሪያ ጋር። ፍሬው ራሱ ገንዘብ ነበር፣ ዕቃ ይገዙበታል። ከዛ ስፔኖች ወሰዱት፣ ስኳር ጨመሩ። ቄሶቻቸው ደግሞ ጾም ይፈታል አይፈታም ብለው በጣም ተጨቃጨቁ። ወተት የገባው ቆይቶ ነው። ሶ፣ ኦሪጅናሉ የጾም ነው።»

«የእኛው ጭቅጭቅ ነዋ» አለች ኪዳነምሕረት፣ ኩባያዋን ለሁለተኛ ጊዜ እየዘረጋች። እስካለፈው እሑድ የኬኩ ደንበኛ ነበረች።

የሺሃረግም ቀመሰች። ጣፈጣት፤ ያበገናትም ይኸው ነው።

«ልጄ፣ እንዲህ የሚለሰልስ ነገር ያለ ወተት አይሆንም» አለች፣ አዳራሹ እንዲሰማ። ይህን ከራሷ ኬክ ታውቀዋለች፤ ለማለስለሻ ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ ወተት ጣል ታደርግበታለች።

«እትዬ፣ ውኃ ብቻ ነው።»

«እኔ መቼ ዋሸሽ አልኩ? ጋሼ ኃይለማርያም ይቅመሱልና።»

የታክሲ ሹፌሩ የጋሼ ኃይለማርያም ሆድ ጠብታ ወተት እንኳ እንደማይችል ደብሩ በሙሉ ያውቃል። ኩባያውን ጨለጡት። ሰዉ ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራ መስሎ ሆዳቸውን ይጠብቅ ጀመር።

«ሰላም ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንዲያውም ጨምሪልኝ፣ ልጄ።»

አዳራሹ ሳቀ። የሺሃረግ ደሟ ፈላ። ምን ውስጥ እንዳለ እንኳ ትዝ ሳይላት ከኬኳ ትልቁን ቆርሳ ልታጎርሳቸው እጇን ዘረጋች። «እንግዲህ የእኔንም ይቅመሱ!»

ጋሼ ኃይለማርያም እጇን በቀስታ ያዙት። «ለእኔ ይቅርብኝ፣ የሺዬ። ከሰዓት ሺፍት አለብኝ።»

ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ኬክ በአፉ የያዘ ሁሉ ግን ማኘኩን አቆመ፤ ከመካከላቸው አንድም የተገረመ ፊት አልታየም።