ወለተሰንበት ያልፈረመችበት ገጽ

«የወይዘሮ ወለተሰንበት ለቅሶ ይኼ ነው?» አለ ሰውየው፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ። ጎረቤቶች ወደ ልጇ ወደ ሰላም ጠቆሙት።

ወለተሰንበት ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ከተተከለው ድንኳን ሰው አልጠፋም፤ ደግነቷ ብዙ ተወራ፣ ሥራዋን ግን ያነሳ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ጋዜጣ ቤት ስትሠራ ስሟ አንድ ቀን ታትሞ አያውቅም። ፊልም ከማጠብ ተነስታ የፎቶ አዘጋጅ ሆነች፤ ሌሎች ካነሱት መርጣ ገጽ ላይ ታወጣለች። ሰላም በልጅነቷ እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሏት «ፎቶ ታያለች» ትል ነበር፣ ትንሽ እያፈረች።

እንግዳው ረሻድ እባላለሁ አለ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ብሏት ተቀመጠና የመጣበትን ነገር ማውራት ሲጀምር ሹክሹክታው ቀስ በቀስ ጠፋ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጌጃ ሰፈር አንድ የልብስ ስፌት ቤት ይጠብቅ ነበር። ቤቱ ተቃጥሎ አንዲት ሠራተኛ ሞተች። ጥበቃው በር ቆልፎ ሸሸ ተባለና ታሰረ፤ ጋዜጣውም እንደዚያው ጻፈ።

ከወለተሰንበት የሥራ ባልደረቦች ጋር የመጣው ፎቶ አንሺ ፈቃደ እዚህ ላይ ወሬውን ተቀበለው። ቃጠሎውን በካሜራ ያነሳው እሱ ነው። ወለተሰንበት በሳምንቱ ሦስት መቶ ፎቶዎቹን እንደገና ስታይ፣ እሱ ራሱ ያላስተዋለውን አገኘች፤ ከጭሱ ጀርባ ረሻድ የመስኮቱን ብረት በባዶ እጁ እየነቀለ ነው። ዋና አዘጋጁ የራሳችንን ዜና ልናፈርስ ነው ወይ ብሎ አላወጣም አለ። ገጹ ያለ እሷ ፊርማ ማተሚያ ቤት አይሄድምና አልፈርምም ብላ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ስሙን ያጠፋነው እኛ ነን። እኛው እንመልሳለን» አለች።

ዋና አዘጋጁ ተረታ፤ በማግስቱ ፎቶው የፊት ገጹን ግማሽ ይዞ ወጣ። በጭስ ታፍነው ማን እንዳወጣቸው ያላወቁ አራት ሴቶች ጋዜጣውን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ረሻድም ተፈታ።

«ላመሰግናት ሄጄ የተቃጠለ እጄን ገልብጣ አየችና ‹ተሻለህ?› አለችኝ» አለ ረሻድ።

ሰላም ቀና ብላ ድንኳኑን አየች። ሰው ሁሉ የእናቷን ሥራ ይሰማል። ደረቷ በኩራት ሞላ፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

ረሻድ ሊሰናበታት ሲነሳ ክንዱን ያዘችው። የቅርብ ዘመድ ብቻ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችለት።