በሽተኛው ውጭ ይጠብቅ

ላንጪን በታላቅ ወንድሟ በባኦሻን ላይ ቂም የያዘችው እናታቸው የሞተች ጊዜ ነው። እናትየው ምግብ አላስውጥ በሚለው በሽታ ስትሠቃይ፣ ባኦሻን "የጉሮሮ ቁስለት ነው በሏት" ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ አፍ አስያዘ። እሷም አመነች። "ይሻለኝና ከተራራው ማዶ ሄጄ እህቴን አያታለሁ" እንዳለች፣ ሳታያት ተቀበረች። በአገራቸው በሊንጆው መንደሮች ወጉ ይኸው ነው፤ ክፉ በሽታ ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ላንጪን ይህን ወግ ጠላችው፤ ወንድሟንም አብራ።

አሁን ያው በሽታ ባኦሻንን ያዘው። ዳቦው ቀርቶ በሾርባ የራሰ ኑድል እንኳ አልወርድ አለው። ዛሬ የምርመራው ውጤት ደርሶ፣ የሆስፒታሉ ነርስ "ቤተሰብ ይግባ፣ በሽተኛው ውጭ ይጠብቅ" አለች። እሱ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። ላንጪንና የባኦሻን ሚስት ሹዪንግ ገቡ።

"ከምግብ ቧንቧው የቆረጥነውን ሥጋ በቀለም ነክረን አየነው" አለ ወጣቱ ሐኪም። "እብጠቱ ሲከፋ የሚበዙ ፕሮቲኖች አሉ። እሱ ላይ በዝተው ተገኝተዋል።"

"በሰው ቋንቋ ንገረኛ!" አለች ላንጪን።

"እብጠቱ ሯጭ ነው። አሁን አንገቱ ሥር ደርሷል፤ ቀዶ ጥገና አይረዳውም። አንደኛው ፕሮቲን ግን አዲሱ መድኃኒት ሊሠራለት እንደሚችል ያሳያል። ይሠራል አላልኩም። መድኃኒቱ ያደክማል። አለዚያ ቤቱ ሆኖ ሕመሙን እናስታግስለታለን። እናንተ ምረጡ።"

"የሚታመመው እሱ፣ የምንመርጠው እኛ?"

ሹዪንግ ክንዷን ጨመደደቻት። "በሞቴ ላንጪን፣ አፍሽን ያዢ! ቁስለት ነው እንለዋለን። ካወቀ ፍርሃቱ ይገድለዋል።"

"እናቴስ ሳታውቅ አይደል የሞተችው፣ እትዬ?"

"አሃ! ቂምሽን ልትወጪበት ነዋ!"

ላንጪን ቂሟን መወጣት ከፈለገችማ ከዝምታ የሚቀል ነገር አልነበረም። እናቱን ያቀመሳትን እሱም ይቅመሰዋ፤ ይሻለኛል እያለ ይጠብቅ። ሐሳቡ ለአፍታ ጣፈጣት። ወዲያው ግን አፏ መረራት። ተነሥታ በሩን ከፈተች።

ባኦሻን ቀና አለ። አንገትጌው ሰፍቶታል።

"ምነው ፊትሽ? ሐኪሙ ላግባሽ አለሽ እንዴ?"

"አሮጊት አላገባም ብሎኛል። ተነሥ ጋሼ።"

"ወዴት?"

"ወደ ውስጥ። የሚያወሩት ስላንተ ነው።"

ፈገግታው ጠፋ። በሽተኛ ወደዚያ ክፍል እንደማይጠራ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። "ቁስለት አይደለማ" አለ።

"አይደለም።"

"እኔ እኮ እማዬን..."

"እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን። ና አሁን።"

ብብቱን ደግፋ አስገባችው። ሹዪንግ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሐኪሙ አንዴ ነርሷን፣ አንዴ በሩን ያያል። ላንጪን ወንድሟን የራሷ ወንበር ላይ አስቀምጣ ከኋላው ቆመች።

"በል ዶክተር፣ ባለጉዳዩ መጥቷል" አለችው። "ለእሱ ንገረው።"