አሸዋው የጠጣው ወተት

አባቴ ኦኪር ጥላውንም አያምንም። ባቢክር ሊያገባኝ ሽማግሌ በላከ ጊዜም፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሰውየውን ወደ ድንኳናችን አስጠራው። ባቢክር ከአባይ ዳር አገር መጥቶ እዚህ በእኛ በግመል አርቢዎቹ አገር፣ ሲንካት ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው። እኔ ድንኳኑን ከሚከፍለው የምንጣፍ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማ ነበር።

አባቴ ግመሏን አልቦ ዋንጫውን ለእንግዳው ሰጠው። ያለበ ሰው ሌላ ሳይቀምስለት እንደማይጠጣ እኛ ጋ ሕፃን ያውቃል፤ ያለበውን ቀድሞ የጠጣ የአገር መሳቂያ ነው። ባቢክር ዋንጫውን ወደ አፉ አስጠግቶ መለሰ፤ ከዚያ አባቴ ጠጣ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ከተቀመጠበት ጎን አሸዋው በወተት ርሶ ተገኘ።

«አየሽ? የቀመሰልኝ አስመስሎ ቀድሜ እንድጠጣ አደረገኝ። ወተቴን የደፋ ሰው ልጄን አይደፋም?»

እኔም ተጠራጠርኩ፤ ምን እዋሻለሁ። ወተት አብሮ የጠጣ አይካካድም ትል ነበር እናቴ። ወንዝ ዳር ሌላ ሚስት ትኖረው ይሆናል፤ ሊክደኝ አስቦ ይሆናል። ንዴቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ዳግመኛ ሲመጣ አባቴ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞት ተቀመጠ።

«ጠጣ። ሲወርድ ጉሮሮህን ልየው። ካልሆነ በመጣህበት ተመለስ።»

ባቢክር ወደ ምንጣፉ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ከግማሽ በላይ ጨለጠው፤ አባቴም የተረፈውን ጠጣ።

ብዙም ሳይቆይ የእንግዳው ሆድ ይጮህ ጀመር፤ እኔ ካለሁበት ድረስ ይሰማል። ተነፋ፣ ላብ አጠመቀው፣ ወደ ድንጋዮቹ ጀርባ ሮጠ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሮጠ። አሁን ጥርጣሬዬ ወደ አባቴ ዞረ። ዋንጫውን አንስቼ አሸተትኩ፣ ላስኩ። ወተት ወተት ብቻ ይላል። ደግሞስ አባቴ ከዚያው ጠጥቶ ምንም አልሆነም።

«ሲያስመስል እይዘዋለሁ» ብሎ አባቴ ራሱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«ሐኪሟ ምን አለች?» አልኩት።

«ወተት ውስጥ ስኳር አለ አለች። አንጀት ያንን የሚቆርጥበት ኢንዛይም የሚሉት ነገር አለው። ሕፃን ሁሉ አለው፤ ሲያድግ ግን ከብዙ ሰው ይጠፋል። ከእኛ ከአብዛኞቻችን አይጠፋም፤ ግመል ነው ያሳደገን። የእሱ ጠፍቷል። ያልተቆረጠው ስኳር ታች ወርዶ ይቦካል፤ ሆዱን የነፋው እሱ ነው። ግን ሐኪሟም የወንዝ ዳር ሰው ናት። ተመካክረው እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?»

«‹ወተት ለማይችል ሰው ልጃችሁን አትሰጡም ብዬ ፈራሁ› አለ። ከልጅነቱ ያውቀዋል። ‹እያወቅህ ለምን ጠጣህ?› አልኩት። ‹ከምንጣፉ ወዲያ የምትሰማ አለች› አለኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ለመሆኑ እዚያ እንዳለሽ በምን አወቀ?»

ግመሏን ልይ ብዬ ወጣሁ።

ማምሻውን አባቴ አልቦ መጣና ዋንጫውን ዘረጋልኝ።

«ቅመሺልኝ።»

ቀመስኩለት። ልመልስለት ስል ግን እጁን አልዘረጋም።

«አንቺ ስትሄጂ ማን ይቀምስልኛል?» አለኝ።